ሽማግሌ የተላከባት ብስክሌት

ባለፈው ሰኔ ፈረንሳይ አገር፣ የሱፍ አበባ ማሳ መሀል፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ። ከአትላንታ አብረን የሄድን ጓደኛሞች ነን። ሁላችንም እዚህ አድገን፣ እዚህ ተምረን፣ ደህና ደህና ሥራ የያዝን የሐበሻ ልጆች። መኪና የማይበዛባቸውን የገጠር መንገዶች እየመረጠ በብስክሌት የሚያስጎበኝ ድርጅት አግኝተን፣ ጸጥታ በፓኬጅ ተሽጦልን፣ ደስ ብሎን ሄድን። ያን ቀን ዝናብ ዘንቦ ወዲያው አባራ። የጋለ አስፋልት ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ አይደል፣ እሱ ከታጨደ ሣር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ልክ በዚያች ሰዓት ብሩክሄቨን ክሊኒክ የከፈተው የጥርስ ሐኪሙ ኤልያስ ብስክሌቱን እያስጠጋ፣ “ማሂ፣ ላይክ፣ ወላጆቻችን እኮ እንደዚህ ዓይነት ነገር ጭራሽ አያውቁም ነበር፣ ዩ ኖው?” አለኝ።

ወርጄ ቆምኩ። ጎማዬን ልፈትሽ ነው ብዬ ሁሉንም አሳለፍኳቸው። ጎማዬ ደህና ነበር፤ ደሜ ነው የፈላው።

አያውቁም ነበር ይለኛል! ታውቅ ነበር እንጂ። እትዬ ዘነበች ታውቅ ነበር። አትንጂ ያልናት እኛው ነን።

እትዬ ዘነበች የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ታላቅ ስል በጣም ታላቅ ማለቴ ነው፤ እናታቸው በልጅነቱ ሞታበት አባዬን ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ አባዬ “እርስዎ” ነው የሚላት። እኔ “አንቺ” ነበር የምላት። እማዬ በዓይኗ ስትገርፈኝ እትዬ “ተያት፣ የአሜሪካ ልጅ ናት” አለች፣ በዚያው ቀረ። ድሬዳዋ ነው ያደጉት። ድሬዳዋ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት ብርቅ አይደለም። እዚያው ፈረንሳዮች ቤት ስትሠራ ቋንቋቸውን ለመደች፤ በኋላ አንድ ቤተሰብ አሮጊት እናታችንን ጠብቂልን ብሎ አገሩ ይዟት ሄደና አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረች። አሮጊቷ ሞተች፣ ቤቱ ተሸጠ። እዚያ ሆና የሞላችው ዲቪ ደረሳት። ኦሎምፒኩ አትላንታ ከተደረገ በኋላ በሁለተኛው ሰመር፣ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ክላርክስተን ያለው አፓርትማችን መጥታ የእኔ ክፍል ውስጥ ገባች።

የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ባቷን ነው። የእማዬ ባት እንደማንኛውም ሰው ባት ነበር። የእትዬ ግን ጠንካራ፣ ጡንቻው ቁጭ ያለ። እንዲህ ያለ ባት ያላቸው ሯጭ ወንዶች ብቻ ይመስሉኝ ነበር እንጂ ፀጉሯ የሸበተ ሴት እንዲህ ዓይነት እግር ሊኖራት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የዚያ ሰመር ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የአፓርትማው ላውንድሪ ክፍል እትዬና እኔ እንወርዳለን። ማድረቂያው እየጮኸ፣ ሞቃት አንሶላ በሁለት በሁለት ጫፍ ይዘን እያጠፍን ስለ መንገዶቿ ትነግረኛለች። አንድ መኪና ብቻ የምታሳልፍ መንገድ። መሀሏ ላይ ሣር የበቀለባት መንገድ። ጠዋት የዳቦ ጋጋሪዋ መኪና አንዴ ታልፋለች፣ ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ማንም የለም። ትራክተር ላይ ያለው ገበሬ አንድ ጣቱን ብድግ አድርጎ ሰላም ይላል፤ ሌላ ወሬ የለም፣ ጣቱ ይበቃል። መንገዶቹ ስም የላቸውም፣ “ዴ” የሚባል ፊደልና ቁጥር ነው ያላቸው ብላ በጣቷ አየር ላይ ጻፈችልኝ። የጻፈችው ዲ ነው። እኔ ዲ የማውቀው ሪፖርት ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ መንግሥት ለመንገዶቹ ውጤት ሰጥቷቸው የወደቁት መሰሉኝ። መኪና የማይሄድባቸውም ለዚያ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዴት አድርገው እንዲህ ጥሩ መንገዶች ወደቁ?

አባዬ ታክሲ ነበር የሚነዳው። እሑድ ከሰዓት ሥራ ሲያቆም እትዬን የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ወስዶ መንዳት ሊያስተምራት ሞከረ። አሜሪካ ያለ መኪና እግር እንደሌለው ሰው ነው እያለ ያስረዳታል፤ እሷ እግር እንዳላት ትመልስለታለች። ሁለተኛው እሑድ መሪውን ያዘች፣ አንዴ ዞረች፣ አቆመች፣ ሞተሩን አጠፋችና ቁልፉን ሰጠችው። አልቻለችም እንዳይመስላችሁ። ችላለች። “ይኼ ነገር ሰው ይገድላል፤ ሳያስፈልገኝ አልይዘውም” ነው ያለችው።

ከዚያ በሳምንቱ ከያርድ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ ብስክሌት ይዛ መጣች። አረንጓዴ፣ ከባድ፣ በቀሚስ የሚወጡባት ዓይነት የሴት ብስክሌት። በረንዳው ላይ ገልብጣ አስቀመጠቻትና ፈታታቻት። ሰንሰለቷን በእማዬ የወጥ ድስት ውስጥ በጋዝ አጠበቻት፤ በዚያ ድስት ዳግመኛ ወጥ አልተሠራበትም፣ እማዬም አልረሳችውም። ከኋላ የወተት ሳጥን በሽቦ አሰረችባት። ሥራ ያገኘችው አንድ የአረጋውያን ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። አባዬ ላድርስዎት ሲላት እሑድ ጠዋት ጠዋት እየዞረች መንገድ ታጠና ነበር ለካ። ከአፓርትማው ጀርባ ወጥታ፣ የባቡር ሐዲዱን ታካ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ አቋርጣ፣ ትልልቅ ዛፎች ባሉበት ሰፈር ታልፋለች። አውራ መንገዱን አንዴ ብቻ ነው የምትሻገረው፣ እሱንም ወርዳ እየገፋች። ከዋናው መንገድ ሃምሳ ሜትር ገባ ሲሉ እንደዚህ ጸጥ ያለ ሰፈር መኖሩን አባዬ፣ ያ ሁሉ ዓመት ታክሲ የነዳው ሰውዬ፣ አያውቅም ነበር።

እኔንም አስተማረችኝ። ሌሎች ልጆች አባታቸው ወንበሩን ይዞ ሲሮጥላቸው ነው ያየሁት። እትዬ ግን ፔዳሎቹን ፈትታ አወጣቻቸው። ወንበሩን ዝቅ አድርጋ፣ በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ሂጂ አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ዳክዬ ፓርኪንጉን ስዞር የሰፈሩ ልጆች ሳቁብኝ። “መጀመሪያ መቆም ልመጂ፤ መሄድ ቀላል ነው” ትለኛለች። ፔዳሎቹን መልሳ የገጠመቻቸው ቀን እግሬን አነሳሁና ሄድኩ። አልወደቅኩም። እዚያው ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ወርቅ ጥርሷ እስኪታይ።

ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ሊቶኒያ የሄድነው ለጋሽ መኰንን አዲስ ቤት ምርቃት ነው። ጋሽ መኰንን በከተማው ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ነዳጅ ማደያ ያላቸው፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሞተ የሚያስቀብሩ ሰው ናቸው። ሊቶኒያ አዲስ ሳብዲቪዥን ውስጥ፣ ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት የሆነበት ቦታ ትልቅ ቤት ገዝተው ሁላችንን ጠሩን። አባዬ መታጠፊያውን ስቶ ከአንድ ድንጋይ ማውጫ ጀርባ ያለ አሮጌ መንገድ ውስጥ ገባ። ዝናብ ገና ማቆሙ ነበር። በአንድ በኩል ጥድ፣ በሌላው በኩል የታጨደ ሣር በትልልቁ ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ማሳ፣ ጥቂት ላሞች። መኪና የለም።

እትዬ አቁም አለችው። ጥቃቅን ድንጋይ ላይ ፓርክ አደረገ። ወረደችና የመንገዱ መሀል ሄዳ ቆመች። ያ ሽታ፣ የጋለው አስፋልትና የሣሩ ሽታ፣ በተከፈተው በር ገባ። አየር በረጅሙ ሳበችና ዞራ ጠራችኝ፤ “ማሂ፣ እንደዚህ ነው” አለች። ያን ሁሉ ቅዳሜ አንሶላ እያጠፍን የነገረችኝን ማለቷ ነበር። ወርጄ አጠገቧ ቆምኩ። አንዲት ዝንብ ጢዝ ስትል ሰማሁ።

እማዬ ከመኪናው ሳትወርድ ጭር ያለ መንገድ ላይ ምን ትሠራላችሁ ብላ ተቆጣች። እኛ ዘንድ ጭር ያለ መንገድ የሚባለው ለማስፈራራት ነው፤ ሌባ አለ፣ ጅብ አለ፣ አትሂዱ ለማለት። እትዬ ግን ለዚያው ጭርታ ብላ ነው ደስ ያላት። እዚያው ቆመን አባዬን ቃል አስገባነው። ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ብስክሌቷን ታክሲው ውስጥ ጭኖ ከመንገዱ አንድ ጫፍ ያወርደናል፣ በሌላው ጫፍ ይጠብቀናል። አንዷ ስትነዳ አንዷ በእግሯ፣ እየተቀያየርን ከዳር እስከ ዳር እንሄዳለን። ያን ሰመር ከዚያ ሌላ የፈለግኩት ነገር የለም። እትዬም እንደዚያው። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ለመንገዳችን ብላ ጎማዋን በአውራ ጣቷ እየተጫነች ታያለች፣ ገና ቀኑ ሳይደርስ።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ ያዛት። ፀጉሯ እንዳይበሰብስ የሱቅ ፕላስቲክ ራሷ ላይ አስራ፣ የወተቱን ሳጥን ሽንኩርት ሞልታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ስትነዳ አንዲት የምታውቀን ሴት መብራት ላይ ቆማ አየቻት። በቃ። ማታውን ስልካችን ጀመረ። እህታችን ምነው፣ ታማለች እንዴ፣ ተቸግራችሁ ነው ወይ፣ ምነው ዝም አላችሁን። እማዬ ደህና ናት፣ ወዳው ነው ስትላቸው ማንም አላመናት። ማን ብስክሌት ወዶ ይነዳል? አሜሪካ ተመጥቶ? የታክሲ ሾፌሮቹ አባዬን እህትህን ለሚቀጥለው ኦሎምፒክ ነው የምታዘጋጃት እያሉ ቀለዱበት። አባዬ አብሯቸው ሳቀ፣ ቤት ገብቶ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ምግብም መምጣት ጀመረ። በራችን ሥር በፎይል የተሸፈነ ሽሮ፣ ዶሮ፣ ድፎ ዳቦ። እኔ የማውቀው ሐበሻ ምግብ ይዞ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ማን እንደሞተ ማሰብ ጀመርኩ። እማዬ አለች፣ አባዬ አለ፣ እትዬ በረንዳ ላይ ሰንሰለት ዘይት እየቀባች ነው። እማዬ ሽንት ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ስታለቅስ ስሰማ ሞቶብን ያልነገሩኝ ሰው እንዳለ እርግጠኛ ሆንኩ። ዶሮውን ግን በላሁት።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ነው። ጋሽ መኰንን፣ ሐጂ ሰይድና አንድ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰውዬ። በጁላይ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሰዋል። ገብተው አንቀመጥም አሉ። ተቀመጡ ሲሏቸው የመጣንበት ነገር አለ ብለው ቆሙ። ይኼንን አውቀዋለሁ! በሠርግ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ሦስት ሽማግሌ ሱፍ ለብሶ፣ አልቀመጥም ብሎ የሚቆመው ሴት ሊጠይቅ ነው። እትዬን ሊድሯት ነው! ከክፍሌ በር ጀርባ ሆኜ የትኛው ይሆን እያልኩ አየኋቸው። መነጽራሙን መረጥኩላት።

አባዬ ለመናቸውና ተቀመጡ። ጋሽ መኰንን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው አሉ። እኛ እያለን እህታችን በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ሽበቷ፣ በዝናብ በፀሐይ በብስክሌት ስትንከራተት ማየት የሁላችንም ውርደት ነው አሉ። አንተም ሠርተህ አዳሪ ነህ፣ አልፈረድንብህም፣ ግን ለምን አልነገርከንም አሉት። ከዚያ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡና በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ክርስቲያኑም እስላሙም አዋጥቶ መኪና ገዝቷል። ፓርኪንግ ላይ ቆማለች፣ ነጭ ናት፣ ኢንሹራንሷ ሳይቀር ተከፍሏል። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያችን ብስክሌት ተዉልን።

መቼም ጉድ ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ይኼን ሁሉ ሲመክሩ፣ ሲያዋጡ፣ መኪና ሲመርጡ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ እሷን ጠይቆ ቢሆን! እሷ እኮ እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም እየሰማች ነበር።

ወጥታ መጣች። እጇ ላይ ዘይት ነበረ፣ ስለዚህ ክንዷን ዘርግታ በትሕትና ሰላም አለቻቸው። ተነሡላት። እንዳልተቸገረች ነገረቻቸው። ፈረንሳይ አገር ሐኪሙም ቄሱም በብስክሌት እንደሚሄድ፣ እሷም ደስ ስለሚላት እንደምትነዳ፣ መኪና መንዳትም እንደማያቅታት ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። በአክብሮት ሰሟት። አንገታቸውን ነቀነቁ። ተራ ኩራት መሰላቸው። ሐጂ ሰይድ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ፣ እህቴ፣ ችግር አያሳፍርም አሏት።

እኔ አልቻልኩም። ከበሩ ጀርባ ወጥቼ በእንግሊዝኛ ጮህኩባቸው፤ አማርኛው ሸሸኝ። ድሃ አይደለችም፣ ስለምትወደው ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ የእናንተ አይደለችም አልኳቸው። እማዬ በክንዴ ይዛ ጎተተችኝ። መነጽራሙ ሰውዬ ፈገግ ብለው፣ በዚያ ቀን ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተናገሩ። “እንዴት ያለ እንግሊዝኛ ነው ባካችሁ! ጎበዝ!” አሉ።

እትዬ አባዬን አየችው። “ብስክሌቴ ምን አጠፋች?” አለችው።

አባዬ ወለሉን እያየ፣ “እትዬ፣ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። ስለ እኔ ይበሉ” አላት።

ያሳደገችው ልጅ ነው። ምን ትበለው? እማዬም ከኋላዋ እሺ ይበልጣል ከሺህ እያለች ታንሾካሹካለች። እትዬ እሺ አለችና ወደ ክፍላችን ገባች። ጋሽ መኰንን ፈተና እንዳይሆንባት እኛው እንውሰዳት ብለው ብስክሌቷን በእጃቸው ደረጃውን አወረዷት፤ ሰንሰለቷ ሱሪያቸውን አጠቆረው። እኔ በመስኮት ሳይ ደስ አለኝ፣ ትንሽ። የወተት ሳጥኑ መኪናቸው ውስጥ አልገባ ሲላቸው ሽቦውን ቆርጠው ዛፍ ሥር ጣሉት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቅዳሜ አንሶላ ስናጥፍ ስለ መንገድ አታወራም። አባዬ ሲነግራት ወደ መንዳት ትምህርቱ ሄደች፣ ላይሰንሷን በመጀመሪያው ፈተና አመጣች። ሰው ሁሉ ደወለ፣ እንኳን ደስ አለሽ አላት። እግዜር ይስጥልኝ አለች። ነጯን መኪና ሥራ ብቻ ነው የምትሄድባት፣ ተመልሳ ቁልፉን ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። እኔ ስለ ሊቶኒያው ቃል አባዬን ስጠይቀው በምን ልትሄዱ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፣ በምን እንሂድ? ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እትዬ አለቀሰች አላለቀሰች አላውቅም። አለመናገሯ ነው ያናደደኝ። ትልልቅ ሰዎች ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ሲነቅዝ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ጋሽ መኰንን ቤት ማኅበር ነበር። እማዬ ሥራ ናት፣ አባዬ ታክሲ ላይ። እትዬ የክት ቀሚሷንና ተረከዝ ያለው ጫማዋን አድርጋ፣ ጫማሽን አድርጊ አለችኝ። በነጯ መኪና ከክላርክስተን ሊቶኒያ ድረስ አንዴም አውራ ጎዳና ሳትወጣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወሰደችኝ። ብስክሌቷን ባጣችባቸው ሳምንታት ያንንም አጥንታው ነበር ማለት ነው።

ወንዶቹ ጓሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው በግ ይጠበሳል። እትዬ ከትልቁ እስከ ትንሹ በየተራ ሳመች፣ የሁሉንም ጤና፣ የልጆቻቸውን ጤና፣ አገር ቤት ያሉትን እናቶች ጤና ጠየቀች። ምንም አላሳጠረችም። ከዚያ ጋሽ መኰንን ፊት ቆማ ቁልፉን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

“ጋሽ መኰንን፣ እግዜር ይስጣችሁ። ይኼን ያዋጣችሁት ለተቸገረ ሰው ነው፣ እኔ አልተቸገርኩም። መኪናችሁን አምጥቻለሁ፤ ብስክሌቴን ስጡኝ።”

ጋሽ መኰንን ከልባቸው ግራ ገባቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የሚያናድደውም እሱ ነው። “ወይዘሮ ዘነበች፣ ብስክሌቷ እኮ የለችም” አሏት። “ያን ዕለቱን ማደያው ጓሮ ቆሻሻ ውስጥ ጣልናት። ማን ይፈልጋታል ብለን ነው።”

እትዬ “እኔ” አለች።

ቁልፉን ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እጄን ያዘችና ወጣን። ሳብዲቪዥኑን ጨረስን፣ ድንጋይ ማውጫውን አለፍን፣ ያች አሮጌ መንገድ ጋ ደረስን፣ ገባንባት።

ገና ጥዶቹ ጋ ሳንደርስ የመጀመሪያው መኪና ከማኅበሩ ተከትሎን መጣ። ነጂው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ በእናትሽ ግቢ፣ ልጅቷ በፀሐይ ልትሞት ነው አለ። እትዬ አመስግና አለፈች። ሰውዬው መሄድ አልፈለገም፣ በዝግታ ይከተለን ጀመር። ሁለተኛው ከኋላው ቆመ። የሐጂ ሰይድ መኪና፣ ሕፃን ከኋላ ያስቀመጠች ሴት የምትነዳው ቫን፣ የጋሽ መኰንን ትልቁ መኪና፣ ሁሉም የአደጋ መብራታቸውን እያብለጨለጩ። ያ መንገድ ከተሠራ ጀምሮ ያን ያህል መኪና አይቶ አያውቅም ብዬ እምላለሁ። ኧረ ተይ፣ ኧረ በመድኃኔ ዓለም፣ ኧረ አታሳዝኚን እያሉ፣ ያን የሣር ሽታ በጭስ አጠፉት። ላሞቹ እንኳ ራቅ አሉ። ከፊታችን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ በፒክአፕ ሲመጣ ሰልፉን አየ። ጆርጂያ ውስጥ ለቀብር መንገድ ይለቀቃል፤ ሰውዬው ዳር ይዞ ቆመ፣ ኮፍያውን አወለቀና ደረቱ ላይ አደረገው። እስክናልፍ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀን።

አባዬ የመጣው ከዚያ ነው። ደውለውለታል። በሰልፉ ጎን በሣሩ ላይ እየነዳ አለፈና ፊታችን ቆመ። እኔን ግቢ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን አልገባም አልኩት፣ በአማርኛ። ወደ እህቱ ዞረ።

“እትዬ፣ ይግቡ። ሰው እያየ ነው።”

“ይየኝ” አለችው። “መንገድ እየሄድኩ ነው፤ ሌላ ምን አደረግኩ?”

አባዬ ጫማዋን አየ። ያ ተረከዝ ያለው ጫማ አቧራ ለብሶ ነበር። ከዚያ ወረደ፣ የመንገዱ መሀል ሄዶ እጁን ዘረጋና ወደ መኪኖቹ ሁሉ፣ ተመለሱ፣ እባካችሁ ተመለሱልን አለ። ጋሽ መኰንን በመስኮት ብቅ ብለው፣ ልጄ፣ ይዘሃት ግባ፣ ሽማግሌ እየለመነህ ነው አሉት።

“እምቢ” አለ አባዬ።

እንዲህ ብሎ ሽማግሌ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ስንቱ ሰው በሠርግ በለቅሶ ፊቱን እንዳዞረበት አልነግራችሁም። መኪኖቹ በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ፣ እርስ በርስ እየተቆጡ፣ አንድ በአንድ ዞረው ሄዱ። አባዬ ጫፉ ላይ እጠብቃችኋለሁ አለና በዝግታ ነድቶ ቀደመን።

ጭሱ እስኪሄድ ቆምን። ከዚያ ሄድን። በእግር ሩቅ ነው። የእኔ ተረከዝ ተላጠ፣ እትዬ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ አስፋልቱ ሲያቃጥላት በሣሩ ጠርዝ ትሄዳለች። አንዲት መኪና አልመጣችም። ጉብታው ላይ ስንደርስ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም በኩል ዛፍ ያቀፈው፣ ሥሩ ድረስ ታየን። እትዬ ቆማ አየችው።

“ይቺን እኮ እግሬን ሳላንቀሳቅስ ነበር የምወርዳት” አለች።

በእግራችን ወረድናት።